የግራ እጁ ፋሻ

ሐምሌ 9 ቀን
ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ያለነው እኔ፣ አባባና ጓንት ጠጋኙ ነን።

ይድረስ ለወንድሜ ባለቤት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ጣሪያው ከሚያፈሰው በቀር የጎደለብን የለም። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ደብዳቤዬን በቀንና በአየር መጀመሬ እንዳያስቅሽ። አባባ የቡጢ ጂማችንን መዝገብ ሲይዙ ቀኑን፣ አየሩንና የተገኘውን ሰው ሳይጽፉ ሥራ አይጀምሩም ነበር። እኔም ፊደል የለየሁት ከዚያ መዝገብና ግድግዳው ላይ ከተለጠፉት የስፖርት ጋዜጦች ስለሆነ ሌላ አጀማመር አላውቅም።

ትናንት ልጁ ሻምፒዮን መሆኑን ራዲዮው ነገረን። የጠራው ግን እዚያ ባወጡለት ስም ነው። አባባ ጆሯቸውን አስጠግተው፣

«መዶሻው የሚሉት ማነው?» አሉኝ።

«ድምቡሼ ነው፤ የልጅ ልጅዎ።»

«ድምቡሼ? ያ ሁለት ዙር ሳይሞላ ውሃ ውሃ የሚለው?»

«እሱው ነው። በስድስተኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ።»

ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና የተሰቀለውን ከረጢት አንድ ጊዜ በቡጢ መቱት። መምታቱንስ መቱት፤ ወደ ወንበራቸው የመለስናቸው ግን እኔና ጠጋኙ ደግፈን ነው። ጠጋኙ፣ «አባባ፣ ተነሱ እንጂ፣ ዳኛው እየቆጠረብዎት ነው» ብሎ አሳቃቸው። ሲስቁ ቆይተው እንባቸው መጣ።

እንግዲህ የቤታችንን ነገር ታውቂዋለሽ። ከልብስ መቀየሪያው ክፍል በር ጀርባ ሚስማሮቹ አሉ። የአባባ፣ ከሥራቸው ነፍሱን ይማረውና የባልሽ፣ ከጎኑ የልጁ። ያሸነፉበት ፋሻ ሁሉ፣ እጃቸው ላይ የጠመጠምኩት ጨርቅ፣ ጥንድ ጥንዱን እዚያ ተሰቅሏል። ላብ እንጂ ሳሙና ነክቶት አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ከሁሉም በላይ አንድ አዲስ ሚስማር መታሁ። ባዶውን ነው።

ፎቶ አልለምንሽም፤ ፎቶ ጋዜጣም ላይ ይወጣል። ያሸነፈበትን ፋሻ ላኪልኝ፤ ግራና ቀኙን። አደራሽን እንዳታጥቢው።

የልጁ አክስት


ነሐሴ 23 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ብርድ ተነስቶ እርስዎ ጋ እስኪደርስ ይሙቅልኝ። እንደምን ከረሙ? አባባስ? ጉልበታቸውን ያበርታልኝ። እኛ በጣም ደህና ነን። ከደህናም በላይ ነን።

እትዬ፣ ምን ብዬ ልንገርዎት! ፊት ለፊት አምስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ያ ሰውዬ ሲወድቅ ከጎኔ የነበሩት ሰዎች ትከሻዬን እየደበደቡ «ልጅሽ ነው? እውነት ልጅሽ ነው?» ይሉኛል። ትከሻዬ ሳምንት ሙሉ አመመኝ፤ እኔም የተቧቀስኩ መሰለኝ። ቀበቶው ማቀዝቀዣው አናት ላይ ነው ያለው። ወተት ላወጣ በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ። በምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት አለቃዋ እንኳን አሁን «እመቤት» ነው የምትለኝ፤ አንሶላ የሚያስቆጥረኝም የለም።

ጋዜጠኛው በማግስቱ ቤታችን መጥቶ «ይህ ግራ እጅ ከየት መጣ?» ብሎ ሲጠይቀው ልጄ ወደኔ ጠቆመ። እውነቱን ነው እኮ። እኔ በግራዬ ነው የምቆርጠው፣ በግራዬ ነው የምጽፈው፤ ይህንንም ደብዳቤ። በእርስዎ ቤት ግራኝ ሰው የለም አይደል? ፎቶአችን ጋዜጣ ላይ ወጣ። ቆርጬ ልኬልዎታለሁ።

ኮትም ልኬያለሁ፤ ሱፍ ነው። ለጣሪያውም የሚያስፈልገውን ይጻፉልኝና እንተባበራለን። ፋሻውን ፈልጌ እልክልዎታለሁ።

አክባሪዎ፣ የልጁ እናት


መስከረም 17 ቀን
ፀሐይ። ያለነው እኔና አባባ ነን፤ አባባ ተኝተዋል።

ይድረስ ለወንድሜ ባለቤት፣

ፈጣሪ ጤናውን ከነበረከቱ ይስጥሽ። ኮቱ ደርሶኛል። ይሰፋኛል፤ ላንቺ ተለክቶ የተገዛ ይመስላል። ጣሪያው አያሳስብሽ፤ ባልዲ አለን።

ፎቶውን አይቼዋለሁ። ጠጋኙ ግድግዳው ላይ ሊለጥፈው ነበር፤ ሙጫ የለም አልኩት።

ስለ ግራ እጁ የጻፍሽው ልክ ነው። ካንቺ ነው የወሰደው። አንቺ ወደ ውጭ ሄደሽ ልጁ ስምንት ዓመት ሲሞላው፣ አባባ በግራው መምታቱን አይተው አቋቋሙን ሊያቀኑ ግራ እጁን በገመድ ከወገቡ ጋር አሰሩት። «በቤታችን እንዲህ ያለ የለም» አሉ። ልጁ ቀኙን ብቻ ይዞ ከረጢቱ ፊት ቆሞ ያለቅሳል። ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ። አባባ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸውብኛል፤ ያን ቀን ነው። «ተዉት፣ እናቱን መምሰሉ ኃጢአት ነው ወይ?» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ እጁ ያንቺ ነው። የፈታሁት እኔ ነኝ። ጋዜጠኛው ይህን ስላልጠየቀ ልጁም አልነገረው ይሆናል።

አሁንም በደረቱ ነው የሚተኛው? ከውድድር በፊት ወተት አትስጪው፤ ሆዱን ይነፋዋል። ደግሞ አንድ ነገር ንገሪኝ። እጁን ማነው የሚያስርለት? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ወዳንቺ እስኪመጣ ድረስ ከኔ በቀር ሰው አስሮለት አያውቅም። ፋሻውን ስትልኪ ይህንንም ጻፊልኝ።

የልጁ አክስት


ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፣

በያሉበት ሰላምዎ ይብዛ። በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶ ነው።

ማን ያስርለታል ላሉኝ፣ እኔ ነኝ የማስርለት። ማን ሊሆን ኖሯል? ከውድድር በፊት ሁላቸውንም ያስወጣና እኔና እሱ ብቻ እንቀራለን። እጁን ጭኔ ላይ ያደርገዋል። ቀኙን አስራለሁ፣ ግራውን አስራለሁ፣ ግንባሩን እስመዋለሁ፣ ይወጣል። አሰልጣኙ ራሱ «እንዲህ ያለ አስተሳሰር አላየሁም» ብሎኛል።

ፋሻው ይኸው፤ ሁለቱም። ሚስማርዎ ባዶ እንዳይቀር። በደረቱ መተኛቱን ትቷል። ወተት ይጠጣል፤ ምንም አይለውም።

አክባሪዎ፣ የልጁ እናት


ታኅሣሥ 5 ቀን
ነፋስ። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። አባባን ጠጋኙ ፀሐይ ሊያሞቃቸው ወስዷቸዋል።

ለወንድሜ ባለቤት፣

ዕቃው ደረሰኝ።

ይህ ፋሻ እጅ አይቶ አያውቅም። አውራ ጣት የሚገባበት ቀለበት ገና እንደተሰፋ ነው፤ ጣት አላሰፋውም። የተጋጣሚን አገጭ የመታ ጨርቅ የጣቶቹ ጉልጥምጥሚት ባረፈበት ላይ ይተኛል፤ ይህ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ግራና ቀኙ እኩል አርጅተዋል። በግራው የሚኖር ልጅ ፋሻው እኩል አያረጅም። ሲሸተትም የአበባ ሳሙና ነው።

ሌሊት ሌሊት ያለቀሰውን፣ ጥርሱን የነቀለውን፣ ትኩሳቱን፣ የመጀመሪያውን ሽንፈት፣ ሁሉንም እኔ አየሁ። ያደገውን፣ የተዘጋጀውን አንቺ ተቀበልሽ። ይህን አንድም ቀን አንስቼብሽ አላውቅም። አንድ ጨርቅ ነው የለመንኩሽ።

ያንቺን ለጠጋኙ ሰጥቼዋለሁ። የጓንት ገበር አደረገው። ጨርቁ ጥሩ ነው ብሏል።


የካቲት 20 ቀን
ፀሐይ፣ አቧራ። ያለነው እኔ፣ አባባና ጠጋኙ ነን።

ይድረስ ለወንድሜ ባለቤት፣

እንደምን አለሽ? ቁጣዬ የተጻፈበትን ወረቀት እንደወረቀት ቁጠሪው።

ራዲዮው ትናንት ልጁ ቀበቶውን በነጥብ ተነጠቀ አለ። እጁም ተጎድቷል አለ። የትኛው እጁ እንደሆነ ሳይናገር ወደ ኳስ ጨዋታ አለፈ። ጠጋኙ ራዲዮውን ሊሰብረው ነበር። አባባ «ግራው ከሆነ አትንገሩኝ» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እስካሁን አልዞሩም፤ ምግባቸውንም እዚያው ነው የምሰጣቸው።

መሸነፉን ስሰማ መጀመሪያ ልቤ ውስጥ የመጣውን ነገር አልጽፍልሽም። አንቺ ብትሆኚም ይመጣብሽ ነበር።

ስለ ፋሻ አልጠይቅሽም። የትኛው እጁ ነው? ይህን ብቻ ጻፊልኝ።

የልጁ አክስት


መጋቢት 11 ቀን

እትዬ፣

ቀኙ ነው። አባባን ያዙሯቸው፤ ቀኙ ነው። በዘጠነኛው ዙር ተሰበረና ሦስት ዙር እንደተሰበረ ተቧቀሰ። አሁን ጀሶ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ይድናል፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል ብሏል።

ሰላምታ ሳላቀርብ በመጀመሬ ይማሩኝ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ይህን ደብዳቤ ስጽፍና ስቀድ ነው የከረምኩት።

ዋሽቼዎታለሁ። እኔ እጁን አስሬለት አላውቅም። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼም አላውቅም። ሻምፒዮን የሆነ ቀን በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ «ቤተሰብ አይገባም፣ እመቤት» ብሎ መለሰኝ። አምስተኛው ረድፍ ላይ የነበርኩት ለዚህ ነው። እርስዎ ፋሻውን ሲጠይቁኝ ልጁን ለመጠየቅ አፈርኩ፤ የማላውቀው እንዳይመስል። ከሱቅ ገዛሁና ሥራ ቦታዬ አምስት ጊዜ በማጠቢያው አሽከረከርኩት፣ አሮጌ እንዲመስል። በኋላ አሰልጣኙን ስጠይቀው ሳቀብኝ። እዚህ ለውድድር የሚያስሩት ስስ ነጭ ጨርቅና ፕላስተር ነው፤ ሲጨርሱ በመቀስ ቀደው ይጥሉታል። እርስዎ የለመኑኝ ፋሻ ያኔ ቆሻሻ ውስጥ ገብቶ ነበር። እኔና እርስዎ የተጣላነው በሌለ ጨርቅ ነው።

ይህንንም ልንገርዎት፣ አንዴ ጀምሬያለሁ። ለልምምድ ሲሄድ የጨርቁን ፋሻ ቤት ውስጥ ራሱ ነው የሚያስረው። «ላስርልህ» ስለው፣ «ተይው እማዬ፣ እታለም ያሳየችኝ አለ» ይለኛል። ሁልጊዜ እርስዎ፤ ሁልጊዜ እታለም። ወጥ ሲቀምስ እታለም፣ ሸሚዝ ሲያጥፍ እታለም። አንድ ቀን ፋሻዎቹን ከልብሱ ለይቼ ካልሲዬ ውስጥ ደበቅኋቸው። ቤቱን ሁሉ ሲፈልግ እያየሁ ዝም አልኩ። ከዚያ አንሶላ ቀዶ አሰረ። እሱንም እርስዎ ነዎት ያስተማሩት።

አሁን አሰልጣኙ እጁ እስኪድን ወደ ሌላ ልጅ ዞሯል። ልጄ ግን «ግራዬ እንዳይተኛብኝ» ብሎ ጓሮ ከረጢት ሰቀለ። ግራውን ለማሰር ደግሞ ቀኙ ያስፈልገዋል። ባለፈው እሑድ ወጥ ቤት መጣና ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። እትዬ፣ ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠበቅሁት! አሰርኩለት፤ ጣቶቹ ጠቆሩ። ፈታሁና ደግሜ አሰርኩ፤ ሁለት ጊዜ መትቶ ተተረተረ። በማግስቱም መጥቶ ዘረጋው። በየቀኑ ይመጣል። እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

እንዴት ነው የሚያስሩለት? እባክዎን ይንገሩኝ።

የልጁ እናት


ሚያዝያ 7 ቀን፣ ጠዋት
ፀሐይ። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ይድረስ ለወንድሜ ባለቤት፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ለልጁም አጥንቱን ይጠግንለት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። ደመና ነበር፣ አልዘነበም። ያለነው እኔ፣ አባባና ጠጋኙ ነበርን። ለሁለቱ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ ካልሲው ያለውን ብቻ ዘልዬ ለብቻዬ ደጋግሜ አነበብኩት፤ እንዳላሳፍርሽ ብዬ አይደለም፣ ደስ ስላለኝ ነው። አባባ «ቀኙ ነው» ስላቸው ከግድግዳው ዞረው ሾርባ ጠየቁ። ከዚያ፣

«ጻፊላት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

«ይህ በደብዳቤ የሚነገር ነገር አይደለም» አልኳቸው።

ጠጋኙ መርፌውን ጓንት ላይ ሰክቶ ቀና አለ። «እትዬ፣ አልችልም ነው ወይስ አልፈልግም?»

«አንተ ጓንትህን ስፋ።»

«እየሰፋሁ ነው። ማውራት ክር አይፈጅም።»

ጻፍኩልሽ። አንድ መስመር ነበር፦ «ይህ በደብዳቤ አይሆንም፤ ልጁን ላኪውና እዚህ ይዳን።» ፖስታውን አሸግሁ። ሲመጣ ታየኝ። ከደጃፍ ሲገባ፣ ወንበሩን ስቦ ፊቴ ሲቀመጥ፣ እጁን ሲዘረጋልኝ። ሾርባውን ሁለት ጊዜ አሳረርኩት።

ዛሬ ያደረግሁት እንዲህ ነው። እንደተነሳሁ ጂሙን ከፈትኩ። ባልዲውን ደፋሁ፣ ወለሉን ጠረግሁ። ከዚያ ቀኝ እጄን በሻሽ ከወገቤ ጋር አሰርኩና ግራ እጄን በፋሻ ለመጠምጠም ሞከርኩ። በጥርሴ ያዝኩት፣ በጉልበቴ ተጫንኩት፣ ጫፉን በር ላይ ቆልፌ ዞርኩ። አንጓዬን አለፈና ተፈታ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ተፈታ። ከዚያ የወገቤን ቋጠሮ ልፈታ ስል እሱም በአንድ እጅ እምቢ አለኝ። ከረጢቱ ፊት ቆሜ ለብዙ ጊዜ ታገልኩ። የሚፈታኝ ሰው አልነበረም።

ሲፈታልኝ የትናንቱን ፖስታ ቀደድኩት።

ልጁ ወዳንቺ ከመምጣቱ በፊት መጨረሻ ያሸነፈበትን ጥንድ ከሚስማሩ አወረድኩ። መጀመሪያ ያነሳሁት ቀኙን ነበር፤ እሱን ብልክ አይቆጨኝም ብዬ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አየሁትና መልሼ አስቀመጥኩት። ቀኝ እጅ አሁን ምን ያደርግላችኋል? ግራውን አነሳሁ። አላጠብኩትም፣ አልተኮስኩትም፤ እጥፋቱ ሁሉ እንዳለ ነው። ተመቶ የተኛው ቦታ ጉልጥምጥሚቱ ያረፈበት ነው። በቀይ ክር አራት ቦታ ሰፍቼልሻለሁ፦ አውራ ጣቱ ላይ፣ አንጓው ላይ፣ ጉልጥምጥሚቱ ላይ፣ በጣቶቹ መሃል የሚያልፍበት ላይ። ክሩን ተከተዪ። አንቺ በግራሽ ስለምትሠሪ መጀመሪያ ይዞርብሻል፤ አትደንግጪ።

ጣቶቹን እንደ ማበጠሪያ ይዘርጋቸው። ጣቶቹ የጠቆሩብሽ እጁን ሰብስቦ ሳለ ስለጠመጠምሽው ነው። ስትጨርሺ «ጨብጥ» በይው። ያኔ ፊቱን አትዪ፤ አመመኝ አይልም፣ አባቱም አይልም ነበር። የጣቶቹን ጫፍ እዪ። ከነጡ ፍቺና እንደገና ጀምሪ። ደህና ከሆነ ጭብጡን በመዳፍሽ ሁለት ጊዜ ምቺው። ይህን ይጠብቃል፤ ካልመታሽው አይነሳም።

ፋሻውን ከመጨረሻው ጫፍ ጀምሬ ጠቀለልኩት፤ ስትከፍቺው አውራ ጣቱ ቀድሞ ይመጣልሻል። በጋዜጣ ሸፍኜ፣ የላክሽውን ኮት ለብሼ ፖስታ ቤት መጣሁ። እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፌዋለሁ። አሁን ይህን የመጨረሻውን የምጽፈው ፖስታ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ነው። ሠራተኛዋ «ውስጡ ምንድነው?» አለችኝ፤ «ፋሻ» አልኳት። «አዲስ ነው?» አለች፤ «አይደለም» አልኳት። በሁለት ጣቶቿ አንጠልጥላ ሚዛን ላይ ወረወረችው። አነሳሁትና አስተካክዬ አስቀመጥኩት።

ቀኙን ከመውጣቴ በፊት መልሼ ሚስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እሱን አትጠይቂኝ።

የልጁ አክስት